ውሻና ድመት ስለ እኛ ምን ይናገራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቡቺ የምትባል ውሻ አለችኝ። ማርቆስ ያለችው እናቴም «መቻል» የሚባል ውሻ አላት። አመሻሽ ላይ ቡቺን ይዤ ጣና ዳር ስሄድ፣ ወይም ለበዓል አገር ቤት ስገባ፣ ሰው አስቁሞ የሚጠይቀኝ ነገር ያው ነው። ስለ ባሕርይ፣ ስለ ሴትና ወንድ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ኃጢአት፣ ስለ እብድ ውሻ። አንዳንዱ ከልቡ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?» ይለኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ለሁሉም ልመልስ አልኩ። እንስሳ መውደድ ከማንም የተዋስነው ነገር አይደለም። ግን ደግሞ የሰውን ችግር ሁሉ የሚፈታ መድኃኒት አድርገው የሚያወሩትም አሉ፤ እሱም ልክ አይደለም።

«የቤት እንስሳ» ስትል ላሜንም ይጨምራል?

በአማርኛ ይጨምራል። እኛ «የቤት እንስሳ» ስንል ላሙም፣ በጉም፣ አህያውም፣ ዶሮውም፣ ውሻውም አንድ ላይ ነው የሚገባው። የዱር ያልሆነ ሁሉ የቤት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ግን ለወተት ወይም ለእርሻ ሳይሆን ለጓደኝነት ብቻ የሚያሳድጉትን እንስሳ ለይተው የሚጠሩበት ስም አላቸው። እኛ ለእሱ የተለየ ቃል ስለሌለን አንዳንዴ «ለማዳ እንስሳ» እንላለን። እኔም እዚህ እንደዚያ እላለሁ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከታች የምጠቅሳቸው ጥናቶች የተሠሩት ውሻ ሶፋ ላይ በሚተኛበት አገር ነው። እኛ ጋ ውሻ ጅብና ሌባ ይጠብቃል፣ ድመት ከጎተራው አይጥ ታጠፋለች። ሥራ አላቸው። ሥራ ስላላቸው ግን አይወደዱም ማለት አይደለም። ጎጃም ውስጥ ገበሬ ሲያርስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለበሬው ያንጎራጉርለታል። ዳልቻ፣ ቦራ፣ ጉራች እያለ በስሙ ይጠራዋል፣ ያሞግሰዋል፣ ሲደክመው ያባብለዋል። ፈረስም እንደዚያው ነው። በላይ ዘለቀን እስከ ዛሬ «አባ ኮስትር» ብለን የምንጠራው በፈረስ ስሙ ነው። ጀግና በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር እንስሳ መውደድን ከማንም አይማርም። አዊ ወርዳችሁ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ እንዴት ተሸልሞ እንደሚወጣ፣ ባለቤቱም ከጎኑ እንዴት ደረቱን ነፍቶ እንደሚሄድ ብታዩ የምለው ይገባችኋል።

ውሻ የሚወድ ሰው ተግባቢ፣ ድመት የሚወድ ደግሞ ዝምተኛና ጭንቀታም ነው ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። በዚህ ጉዳይ በብዛት የሚጠቀሰው ሳም ጎስሊንግ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ጥናት ነው። 4,565 ሰዎች ተጠየቁ። መጀመሪያ ራሳቸውን «የውሻ ሰው ነኝ»፣ «የድመት ሰው ነኝ»፣ «የሁለቱም ነኝ» ወይም «የአንዳቸውም አይደለሁም» ብለው መደቡ። ከመቶ 46 ያህሉ የውሻ፣ 12 ያህሉ የድመት፣ 28 ያህሉ የሁለቱም ነን አሉ፤ የቀሩት የአንዳቸውም አልሆኑም። ከዚያ ስለ ባሕርያቸው የሚጠይቅ መጠይቅ ሞሉ።

መጠይቁ የሚለካው አምስት ነገር ነው። ሰው ምን ያህል ተግባቢና ተጫዋች እንደሆነ፣ ለሌላው ምን ያህል ቀና እንደሆነ፣ ሥራውን ምን ያህል በሥርዓት እንደሚይዝ፣ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረበሽና እንደሚጨነቅ፣ አዲስ ሐሳብና አዲስ ነገር ምን ያህል እንደሚስበው። የውሻ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በለጡ። የድመት ሰዎች ደግሞ በመጨነቅ በለጡ፣ አዲስ ነገር በመውደድም በለጡ። ሰው ግን የሚያወራው ስለ ጭንቀቱ ብቻ ነው፤ ያቺን የመጨረሻዋን ማንም አያነሳላቸውም። አዲስ ሐሳብ መውደድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገጣሚውም ሠዓሊውም ከዚያ ነው የሚወጣው።

አሁን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ የአማካይ ልዩነት ነው። በሁለቱም ወገን ሁሉም ዓይነት ሰው አለ። ሁለተኛ፣ ተጠያቂዎቹ የተለዩት በወደዱት እንስሳ እንጂ ቤታቸው ውስጥ ባለው እንስሳ አይደለም። ሦስተኛው፣ ለእኛ ዋናው እሱ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ድመት ያለው ሰው ድመት የያዘው በባሕርዩ አይደለም። ጤፉን አይጥ ስለፈጀበት ነው። ደጀን ወይም ቢቸና አካባቢ የጤፍ ጎተራ ያለው ሰው ተጫዋችም ይሁን ቁጡ፣ ድመት ያስፈልገዋል። ግቢው ሰፊ ሆኖ ማታ ጅብ የሚዞረው ሰውም ዓይን አፋር ቢሆን እንኳ ውሻ ይይዛል። ምርጫ በሌለበት ቦታ ከምርጫ ባሕርይ ማንበብ አይቻልም። የአክስቴን ነገር ባነሳ፣ ሁለት ድመት አላት፣ በሰፈሩ ደግሞ እሷን የሚያህል ሰው ወዳድ የለም። ሠርግም ለቅሶም ያለ እሷ አይሆንም።

ታዲያ ባሕርይ የሚታየው የት ነው ብትሉኝ፣ በያዛችሁት እንስሳ ሳይሆን በአያያዛችሁ ነው ባይ ነኝ። ውሃው ሳይጎድል የሚሞላ፣ ቁስሉን የሚያይ፣ ሲያጠፋ በድንጋይ የማይል ሰው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ወዳጅ ለማድረግ አላመነታም።

እንስሳ ማሳደግ ባሕርዬን ይቀይረዋል?

ከላይ ያለው ዓይነት ጥናት ይህን አይመልስም፣ ምክንያቱም ሰዎቹን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቃቸው። ውሻው ሰውየውን ተግባቢ አደረገው ወይስ ተግባቢው ሰው ውሻ ወደደ፣ ከዚያ አይታወቅም። ልማድ ግን ይቀየራል። እኔ ቡቺን ከመያዜ በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ሳልፈልግም እነሳለሁ። ከሰፈሬ ሰው ግማሹን የተዋወቅሁት በእሷ ነው። እኔ ያው ድሮው ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ ሰው ግን ለውሻዋ ብሎ ይቆምልኛል።

ድመት የሴት፣ ውሻ የወንድ ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

ይሄ ከባሕርይ የመጣ ሳይሆን ከቤት አሠራር የመጣ ይመስለኛል። ድመት የት ትውላለች? ምድጃ ዳር፣ ማጀት። ውሻስ? ደጅ፣ በረት አጠገብ። ሴቷ ማጀት እንድትውል፣ ወንዱ ደጅ እንዲውል ተደርጎ የኖረ ቤት ውስጥ ድመቷም ውሻውም ቦታቸውን ተከትለው ሴትና ወንድ ተባሉ። ዶሮስ ቢሆን? የዶሮና የእንቁላል ብር የሴቷ ነው፣ የበሬው ብር የወንዱ ነው። እንስሳውን የሴት የወንድ ብሎ የለየው ኪስ ነው እንጂ ልብ አይደለም።

ውሻውም ቢሆን በስም የአባወራው ይባላል እንጂ የሚከተለው የሚያበላውን ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው ለዚህ ነው። የእኛ ቤት ውሻ «የአባዬ» ነበር። ሲታመም ግን የሚተኛው እማዬ ጉልበት ስር ነበር፤ ፍርፋሪውን የምታወጣለት እሷ ነበረቻ።

እሺ፣ ግን ሴቶች ከወንዶች ይልቅ እንስሳ አይወዱም?

ትንሽ ይበልጣሉ፤ ሰው እንደሚያስበው ግን አይደለም። ሃል ሄርዞግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በሰውና በእንስሳ ግንኙነት ላይ የሴትና የወንድን ልዩነት የሚመለከቱ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሟል። ለገዛ እንስሳ ባለ ፍቅር በሴትና በወንድ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ነው ያገኘው። ብዙው ሴትና ብዙው ወንድ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ትልቁ ልዩነት የሚታየው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ለምሳሌ ለእንስሳት መብት የሚታገሉት በብዛት ሴቶች ናቸው። ጭካኔ ላይ ደግሞ ወንዶች ይበዛሉ።

ጣሊያን ውስጥ ሰዎች ከውሻቸው ጋር ሲሆኑ እየታዩ የተሠራ ጥናትም አለ። ሴቶቹ ውሻቸውን አብዝተው ያናግሩታል፤ ወንዶቹ ንግግራቸው ያንሳል። ውሾቹ ግን ባለቤታቸው ሴትም ሆነ ወንድ የሚያሳዩት ነገር ብዙም አልተለየም። ውሻው ፍቅሩን በወሬ ብዛት አይለካውም ማለት ነው።

ከላይ ባነሳሁት የጎስሊንግ የባሕርይ ጥናትም የሴትና የወንድ ልዩነት ተሰልቶ ከወጣ በኋላ እንኳ የውሻና የድመት ሰዎች ልዩነት አልጠፋም። ስለዚህ «ድመት ወዳድ ማለት ሴት ማለት ነው» የሚለው ወሬ አያስኬድም።

እኛ ጋ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ወንድ ልጅ ድመት አቅፎ ከታየ ይሳቅበታል። ያው ሳቂ ሰው ግን በሬው ገደል ሲገባበት ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ማንም አይስቅበትም፣ ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ይተካልህ» ይለዋል። እንባው አንድ ነው። ለበሬ የተፈቀደው ለድመት የተከለከለው በሬው ብር ስላወጣ ብቻ ከሆነ፣ ወንዶቹ ልጆቻችንን የምናስተምራቸውን ነገር ቆም ብለን ማየት አለብን።

ብቻዬን ነው የምኖረው። ውሻ ብይዝ ይረዳኛል?

እዚህ ላይ የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ እማዬ ብቻዋን ቀረች። እኛ ልጆቿ ሁላችንም ወጥተናል። ባሕር ዳር ነይ አልናት፣ እንቢ። ሠራተኛ ቀጠርንላት፣ አልተስማሙም። ስልክ ገዛንላት፣ ስንደውል ታነሳለች፣ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ትዘጋለች። ምግብ ትታ ነበር። ጠዋት አትነሳም ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ የቆሰለ ቡችላ ይዞ መጣ። ለአንድ ሳምንት ያዥልኝ አላት፣ በዚያው ቀረ። «መቻል» ብላ ስም አወጣችለት። ለምን እንደዚያ እንዳለችው ጠይቄያት አላውቅም፤ የሚጠየቅም አልመሰለኝም። መቻል ጠዋት በሩን ይቧጭራል፤ ስለዚህ ትነሳለች። መቻል ይበላል፤ ስለዚህ ታበስላለች፣ ካበሰለች ደግሞ እሷም ትቀምሳለች። ያወራሉ። ጎረቤቷ «ኧረ እትዬ፣ ከውሻ ጋር ነው እንዴ የሚያወሩት?» ስትላት፣ «አዎ፣ እሱ አያቋርጠኝም» አለቻት።

ከዚህ ጀርባ የሰውነት ሥራ አለ። ኦክሲቶሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ምጥ እንዲፋጠን ሐኪም ቤት በመርፌ የሚሰጠው ያው ነው። ላም የሚያልብ ሰው ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ላሟ ጥጃዋን ካላየች፣ ጥጃው ጡቷን ነካ ነካ ካላደረገ፣ ወተቷን አትለቅም። ወተቱን የሚያስለቅቀው ኦክሲቶሲን ነው። እናትና ልጅ የሚተሳሰሩበትም እሱ ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ረዘም አድርገው ሲተያዩ በሁለቱም ሽንት ውስጥ የኦክሲቶሲኑ መጠን ይጨምራል። በሰው እጅ ካደጉ ተኩላዎች ጋር ሲሞክሩት ግን አላገኙትም። ውሻ ከሰው ጋር በሺህ ዓመታት አብሮ ሲኖር ያመጣው ነገር ነው እንግዲህ።

ስለዚህ መልሴ፣ ሊረዳችሁ ይችላል። ግን ሰው አይተካም። እማዬን ያነሳት መቻል ነው፤ ከተነሳች በኋላ ግን ማኅበሯ አለ፣ ዕድሯ አለ፣ ቡናዋ አለ። ያ ሁሉ ባይኖር ውሻው ብቻውን አይችለውም ነበር። ገና ለገና ብቸኛ ነኝ ብላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ፣ ብቸኝነቱን ለውሻው ነው የምታሻግሩት።

እንስሳ ያለው ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል፤ ጥናቱ ምን ይላል?

ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1980 ኤሪካ ፍሪድማን ከባልደረቦቿ ጋር ካወጣችው ጥናት ነው። በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 92 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። እንስሳ ካላቸው 53 ሰዎች 3ቱ ሞቱ። ከሌላቸው 39 ሰዎች ግን 11ዱ ሞቱ። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደገሙት ጥናቶች ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም።

ትልቁ የመጣው ከስዊድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። እዚያ ውሻ መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ የሰውም የጤና መዝገብ አለ፣ ሁለቱን አገናኙና 3.4 ሚሊዮን ሰዎችን ለ12 ዓመት ያህል ተከታተሉ። ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ ያላቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከቤተሰብ ጋር በሚኖሩት ላይ ልዩነቱ ያንሳል። ይህን ሳነብ እማዬ ናት ትዝ ያለችኝ።

ግን ተመራማሪዎቹም ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ውሻ ለመያዝ መጀመሪያ መራመድ መቻል አለብህ። አልጋ የያዘ ሰው ውሻ አይገዛም። ስለዚህ ጤናው ውሻውን አመጣው ወይስ ውሻው ጤናውን፣ ሁለቱም ውስጥ አለበት።

ድብርት አለብኝ። ሐኪም ቤት ከመሄድ ድመት ብይዝስ?

አይሆንም። ድብርት ሕመም ነው፣ ይታከማል። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋባችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ሐኪም ቤት ሂዱ። ጸበሉንም ያዙ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ። ድመቷ ከዚያ በኋላ ትደርሳለች።

ለልጆችስ? እንስሳ ያለበት ቤት ያደገ ልጅ የተሻለ ሰው ይሆናል?

ወላጅ ሁሉ አዎ መባል ይፈልጋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ5,000 በላይ ቤተሰቦችን ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አለ። መጀመሪያ ሲታይ ውሻና ድመት ያለባቸው ቤት ልጆች በጤናም በባሕርይም የተሻሉ ይመስላሉ። የቤተሰቡ ገቢ፣ የቤቱ ዓይነት፣ የወላጆቹ ጤና ሲሰላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ልጁን የጠቀመው ውሻው ሳይሆን ውሻ ለማሳደግ የሚያበቃው ኑሮ ነበር ማለት ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር አለ። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የኒው ዮርክ የሕፃናት ሥነ ልቦና ሐኪም ነበር። ከሰው ጋር አልናገር ያለ ልጅ ከእሱ ውሻ ከጂንግልስ ጋር ሲሆን እንደሚፈታ አየ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ጻፈው። በውሻ የሚታገዝ ሕክምና የሚባለው ከእሱ ወዲህ ነው የተስፋፋው። እኛ ጋ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላው ግልገልና ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ስንት ነገር ይማራል! ጥጃው ሲያመው ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ግን ደግሞ ትምህርት ቤት የሚቀርበት ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አልደግፈውም።

ውሻ ቤት ማስገባት ኃጢአት አይደለም?

ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ» የሚለው አነጋገርም ከዚያው ነው። የመኖሪያ ቤትን በተመለከተ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ የምመልሰው አይደለም። እማዬ የምታደርገውን ግን ልንገራችሁ። መቻል የሚተኛው በረንዳ ላይ በሠራችለት ቤት ነው፣ የጸሎት ክፍሏ አይገባም። ከመጸለይዋ በፊት እጇን ትታጠባለች። እሷ በዚህ ሰላም አግኝታለች። ውሻን መደብደብና ማስራብ ግን በየትኛውም እምነት ጽድቅ ሆኖ አላየሁም።

ሁዳዴን ስንጾም ድመቴና ውሻዬ ምን ይብሉ?

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም የእኛ ብቻ ነው።

እኛ 55 ቀን ስንጾም ቤት ውስጥ ሥጋም ወተትም የለም። ውሻው ይችለዋል። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር እህል መፍጨት ለምዷል፤ ይህ በዘረመሉም ላይ ታይቷል። እንጀራና የተቀቀለ ድንች ለጥቂት ሳምንት አይገድለውም፤ አልፎ አልፎ ግን እንቁላል ወይም አጥንት ያለበት ሾርባ ጨምሩለት። ድመት ግን አትችልም። ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። አይጥ የምታገኝ የገጠር ድመት ራሷን ትችላለች። ከተማ ቤት ውስጥ ተዘግታ የምትኖረው ናት የምትጎዳው። ባሕር ዳር ያለን ሰዎች ቀላል ነው፤ ዓሣ ከሚሸጡት የተጣለ ጭንቅላትና ሆድቃ መጠየቅ ነው፣ ቀቅሎ መስጠት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሽሮ ወጥ አትስጧቸው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ደም ይመርዛል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለፋሲካ ነው። በግ ስናርድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካየን ቆርጠን ለውሻ እንጥላለን። እንዲህ ማድረግ በጣም አደገኛ ነው። ውስጡ ያለው ትል ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል፣ በሰው ጉበት ላይም ያንኑ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። ጉድጓድ ቆፍሩና ቅበሩት፣ ወይም አቃጥሉት።

ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ድመቷን ልጣላት?

አትጣላት። የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ነው፤ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል። ከወጣ በኋላ ሰው ላይ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ ይጠረግ፣ የሚጠርገው ደግሞ አንተ ሁን፣ እሷ አትንካው። ጥሬ ሥጋም ያው መንገድ ነው። ድመቷን አባርሮ ቁርጥ ማብላት ትርጉም የለውም።

ውሻዬ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ችግር አለው?

አለው። በአጭር ሰንሰለት ዓመት ሙሉ የሚታሰር ውሻ ይፈራል፣ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ከላይ ያልኩት ጥቅም ሁሉ የሚመጣው አብሮ በመሄድና አብሮ በመሆን ነው። በቀን ለአንድ ሰዓት እንኳ በገመድ ይዛችሁት ውጡ። ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ውሻዬ ሞተብኝ። ሥራ መግባት አቃተኝ። ነውር ነው?

ነውር አይደለም። ለሰው እንደምናዝነው ያለ ሐዘን ነው፤ ልዩነቱ ለቅሶ የሚደርስ አለመኖሩ ነው። በሬ ሲሞት «ይተካ» የሚል ይመጣል። ለውሻ ማንም አይመጣም፤ ስለዚህ ሰው ይደብቀዋል፣ ሲደብቀው ደግሞ ይብስበታል። ለአንድ የሚገባው ሰው ተናገሩ። በንጹሕ ቦታ ቅበሩት። ሌላ ለመያዝ አትቸኩሉ። የጓደኛችሁ ውሻ የሞተ እንደሆነ ደግሞ ደውሉለት። አንዲት «እግዜር ያጽናህ» ብዙ ናት።

ውሻ ቢነክሰኝስ?

ልጅ ሆኜ ተነክሻለሁ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ዘንድ ተወሰድኩ፣ ቀጥሎ የሄድንበት ጤና ጣቢያ መርፌው አልቋል አሉን፣ አባቴ ሌላ ከተማ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ለብዙ ቀናት ነበር የሚሰጠው። ዛሬ ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም አንሷል። አባቴ ያን ቀን ደክሞት ቢተወው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ከተወጋችሁ ግን ትድናላችሁ። ሰው ላይ የሚደርሰው ከመቶ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው።

ስለዚህ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም። እዚያ ከሌለ ወደ ሌላው። ውሻውን አትግደሉት፤ ማምለጥ በማይችልበት ቦታ ዘግታችሁ 10 ቀን ይታይ።

የራሳችሁን ውሻ በየዓመቱ አስከትቡ፤ ቡችላ ከሆነ ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በብዙው ዓመት መስከረም 18 ነው፤ ከመስቀል ማግስት ስለሚውል አይረሳም። እማዬ የመስቀል እንግዳ ከሸኘች በኋላ መቻልን ይዛ የእንስሳት ክሊኒክ የምትሄደው ያኔ ነው።

ወሰንኩ፤ የትኛውን ልያዝ?

ቀኑን ሙሉ ከቤት የምትወጡ ከሆነ ድመት። ቤት የሚውል ሰው ካለ፣ ግቢ ካለ፣ መሄድ የምትወዱ ከሆነ ውሻ። ተከራይ ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት አከራያችሁን አስፈቅዱ፤ በዚህ የተነሳ ስንት ቡችላ ጎዳና ላይ ወድቋል። የያዛችኋት እንስሳ ሴት ከሆነችና ልታመክኗት ካሰባችሁ ቀድማችሁ የእንስሳት ሐኪም አነጋግሩ። ቡችላውን ደግሞ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት።